በዓመት ውስጥ የትኞቹን ጌሞች እንጨርስ? መብራት ለሚቆራረጥበት ቤት የተዘጋጀ ንጽጽር

ጌም የሚጀምር ሞልቷል፤ የሚጨርስ ግን ጥቂት ነው። በመስከረም ተጭነው ጳጉሜን ላይ ግማሽ መንገድ የቀሩ ጌሞችን ብንቆጥር፣ ብዙዎቹን ያስቀራቸው ክብደታቸው አይደለም፤ መብራት በሄደ ቁጥር አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መመለሳቸው ነው። አንድን ሚሽን (የጌሙን አንድ ተልእኮ) ሦስተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው መጫወት ማንንም ያሰለቻል። ስለዚህ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ ወይም ሐይቅ ተቀምጦ የዓመቱን ጌም የሚመርጥ ሰው ቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ነው፦ አሁን መብራት ቢሄድ ስንት ደቂቃ እከስራለሁ? ጌሙ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅና ማሽኑ ይችለው እንደሆነ ከዚያ ይከተላል። ጌም ጫኝ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የሚነገራችሁ ግራፊክስ፣ በእኛ ሚዛን የመጨረሻው ነው።

«ጨረስኩ» የምንለው ዋናው ታሪክ አልቆ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ሲወርድ ነው። መቶ በመቶ መሙላት ሌላ ሥራ ነው፤ ሰዓቱን ሁለትና ሦስት እጥፍ ያደርገዋል። ከታች የተጠቀሱት ሰዓቶች ሁሉ የዋናው ታሪክ ግምት ናቸው፤ የጌሞቹ መውጫ ዓመትም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሒሳቡን መጀመሪያ እንሥራ። በሳምንት አራት ሰዓት የሚጫወት ሰው በዓመት 208 ሰዓት አለው። የፈተና ሰሞን፣ በዓል፣ ሠርግና ለቅሶ፣ መብራት የሌለበት ማታ ሲቀነስ 150 ቢቀረው ጥሩ ነው። በ150 ሰዓት አንድ የ50 ሰዓት ጌም፣ አንድ የ30፣ ሁለት የ15ና አምስት የሚሆኑ አጫጭር ጌሞች ይጨረሳሉ። ወይም ኤልደን ሪንግና ዊቸር 3 የተባሉትን ሁለት ረጃጅም ጌሞች ጨርሳችሁ አንድ መካከለኛ ትጨምራላችሁ፣ በቃ። ሦስት ትልልቅ ጌሞችን በአንድ ጊዜ የሚጀምር ሰው አንዱንም አይጨርስም፤ ሁለት ሳምንት ትታችሁት ስትመለሱ የጆይስቲኩ አያያዝም፣ ታሪኩም ተረስቷልና።

ኪሳራው እንዴት ይለካል?

ሴቭ አደራረግ (የደረሳችሁበትን መመዝገብ) በጥቅሉ አራት ዓይነት ነው። በፈለጉበት ቦታ ሴቭ የሚያስደርግ አለ፤ ራሱ በየመንገዱ የሚመዘግብ አለ፤ የተወሰነ ቦታ ሄዳችሁ ብቻ የሚያስመዘግብ አለ፤ ሚሽኑ እስኪያልቅ ምንም የማያስመዘግብም አለ። የመጀመሪያው ምንጊዜም ይሻላል ብሎ መደምደም ግን ስህተት ነው።

ስታርዱ ቫሊን (2016) እንይ። በኮምፒውተር ላይ ሴቭ የሚያደርገው ገጸ ባሕሪው አልጋ ላይ ወጥቶ ቀኑ ሲያልቅ ብቻ ነው። ሲሰሙት ያስፈራል። ነገር ግን የጌሙ አንድ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን፣ በእኛ ሰዓት ወደ 14 ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ስለዚህ መብራት በጣም በከፋ ሰዓት ቢሄድ እንኳ የምትከስሩት ሩብ ሰዓት አይሞላም። አንድ ዓመቱ አራት ወቅት፣ እያንዳንዱ ወቅት 28 ቀን ነው፤ በድምሩ 112 ቀን፣ ወደ 26 ሰዓት። ጌሙ መጨረሻ የለውም ቢባልም የገጸ ባሕሪው አያት መጥተው እርሻውን የሚገመግሙት በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ ስለሆነ፣ ሁለት ዓመት ማረስ፣ ማለትም ወደ 52 ሰዓት፣ እንደ ፍጻሜ ሊቆጠር ይችላል። ቦታ የሚወስደው 500 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ደካማ ላፕቶፕም ይሸከመዋል። የስልኩ ቅጂ ደግሞ ካቆማችሁበት መሀል ቀን ላይ ይቀጥላል፤ ስልክ ላይ ባትሪ አለና የመብራቱ ጭንቀት የለም። የኮምፒውተር ባትሪው የሞተበት ሰው በስልክ ቢጫወተው ይሻለዋል።

በተቃራኒው ሃፍ ላይፍ 2 (2004፣ 13 ሰዓት ገደማ) በፈለጋችሁበት ሰከንድ ኤፍ 6 ተጭናችሁ የምትመዘግቡበት፣ በኤፍ 9 የምትመለሱበት ነው። እዚህ ኪሳራውን የሚወስነው የእናንተ ልማድ ነው። በተጨማሪም አንድ ወጥመድ አለው፦ ልትሞቱ አንድ ሰከንድ ሲቀራችሁ ኤፍ 6 ከተጫናችሁ፣ በተመለሳችሁ ቁጥር የምትመለሱት ወደ ሞት ነው። በየምዕራፉ መጀመሪያ ከሜኑ ገብታችሁ አንድ የተለየ ሴቭ አስቀምጡ። ፖርታል (2007) በዚሁ የጌም ሞተር (ጌሙን በሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር) የተሠራ፣ 19 የሙከራ ክፍል ያለው፣ በሦስት አራት ሰዓት የሚያልቅ ጌም ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚጭን ሰው ፖርታልን ይጫን፤ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ያልቃል፣ አንድ ጌም ጨርሶ ማየት ደግሞ ለቀጣዩ ጉልበት ይሰጣል።

ሳን አንድሪያስ ወይስ ጂቲኤ 5?

ሁለቱም የጂቲኤ ተከታታይ ጌሞች ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይህን ስለሆነ በሰፊው እንየው። የሁለቱም ዋና ታሪክ 30 ሰዓት ገደማ ነው። ሳን አንድሪያስ (2004 በፕሌይስቴሽን 2፣ 2005 በኮምፒውተር) 256 ሜጋባይት ራምና 3.6 ጊጋባይት ቦታ ብቻ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ቤት ውስጥ ያለ የትኛውም ማሽን ያነሳዋል። ጂቲኤ 5 (2013፣ በኮምፒውተር 2015) ፕሌይስቴሽን 3 ወይም 4፣ ወይም ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ይፈልጋል።

የሴቭ ጉዳይ ላይ ጂቲኤ 5 በግልጽ ይበልጣል። ከሚሽን ውጭ ከሆናችሁ በየትኛውም ቦታ ስልክ አውጥታችሁ ፈጣን ሴቭ ታደርጋላችሁ፤ ሚሽን መሀል ብትሞቱም ቅርብ ካለ ቦታ ትጀምራላችሁ። ነገር ግን የሚሽን መሀሉ ምዝገባ ኃይል ሲቋረጥ አይቆይም፤ መብራት ከሄደ ሚሽኑ ከመነሻው ነው። ሳን አንድሪያስ ደግሞ በመጀመሪያው ቅጂ ሁለቱንም አያደርግም፦ ሴቭ ለማድረግ ቤት ሄዳችሁ የምትሽከረከረዋ ፍሎፒ ዲስክ ላይ መቆም አለባችሁ፤ ሚሽን ላይ ከሞታችሁም ሆስፒታል በር ላይ ትነሳላችሁ። በ2013 የወጣው የስልኩ ቅጂ ይህን አስተካክሏል፤ ራሱ ይመዘግባል፣ ሚሽን መሀልም መመለሻ ቦታ አለው። ስለዚህ መብራት በብዛት የሚሄድበት ሰፈር ያለ፣ ደህና ስልክ ያለው ሰው ሳን አንድሪያስን በስልክ ይጫወት። የንክኪ መቆጣጠሪያው በረራ ላይ ያስቸግራል፤ ስልኩ የሚቀበል ከሆነ ጆይስቲክ አገናኙ።

በኮምፒውተር የምትጫወቱ ከሆነ ሦስት ነገር ልብ በሉ።

የመጀመሪያው የምስል ፍጥነት ነው። በማሳያ ምርጫዎች ውስጥ «ፍሬም ሊሚተር» የሚል አለ፤ አብሩት። ጌሙ የተሠራው በዝቅተኛ ፍጥነት እንዲሄድ ነው፤ ይህ ሲጠፋና ማሽኑ ፈጣን ሲሆን ገጸ ባሕሪው ዋና ላይ አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል፣ መኪናም ወደ ኋላ አልሄድ ይላል። ሰው «ሲዲው ተበላሽቷል» ብሎ የሚተወው እዚህ ነው።

ሁለተኛው የበረራ ትምህርት ቤቱ ነው። አሥሩን ትምህርት ቢያንስ በ70 በመቶ ሳያልፉ ታሪኩ አይቀጥልም፤ ብዙ ሰው የሚያቆመውም እዚሁ ላይ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያውን በ80,000 ዶላር ስለምትገዙት ሴቭ ማድረጊያው እዚያው ግቢ አለ። አሥሩንም በአንድ ቁጭታ ለማለፍ አትሞክሩ፤ ሁለት ሁለት ትምህርት እያለፋችሁ ውጡና መዝግቡ። ስትበሩ አፍንጫውን ለማቅናት ቁልፉን ይዛችሁ አትቆዩ፤ ነካ ለቀቅ፣ ነካ ለቀቅ። አውሮፕላኑ ከእጃችሁ ዘግይቶ ስለሚታዘዝ ይዞ መቆየት ያወዛውዘዋል።

ሦስተኛው መጨረሻው ላይ ይመጣል። ታሪኩ ወደ ተጀመረበት ከተማ፣ ወደ ሎስ ሳንቶስ፣ ከተመለሳችሁ በኋላ ካርታው ላይ የሚሽን ምልክት ድንገት ይጠፋል፤ ጌሙ የተበላሸ ይመስላል። አልተበላሸም። የመጨረሻው ሚሽን የሚከፈተው ከጋንግ ሰፈሮቹ ቢያንስ 35 በመቶውን ከያዛችሁ ነው። የያዛችሁት ስንት እንደሆነ በስታቲስቲክስ ገጹ፣ የጋንግ ክፍል ውስጥ ታገኙታላችሁ። ሰፈር ለመያዝ ሦስት የጠላት ልጆችን መትታችሁ ሦስት ዙር ጥቃት ትመክታላችሁ፤ አንዱን በያዛችሁ ቁጥር ቤት ገብታችሁ ሴቭ አድርጉ።

በባቡሩ ሚሽን የምትሰቃዩ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ብዙ ጊዜ ርቀት ነው፤ ሞተር ሳይክሉን ባቡሩ ሥር ከለጠፋችሁት ከኋላችሁ ተቀምጦ የሚተኩሰው ሰውዬ ጣሪያ ላይ ያሉትን አያይም። በስተቀኝ በኩል ራቅ ብላችሁ ጎን ለጎን ንዱ። ዚሮ የሚባለው ገጸ ባሕሪ የሚሰጣችሁ የአሻንጉሊት አውሮፕላን ሚሽን ግን ለታሪኩ ግዴታ አይደለም፤ ዝለሉት።

ጌሙ ስምንት የሴቭ ቦታ አለው። ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ተጠቀሙ። ሴቭ እየተጻፈ ባለበት ቅጽበት መብራት ከሄደ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ ሌላው ቦታ ላይ ያለው ያድናችኋል። ፋይሎቹ በዶክመንትስ ውስጥ «ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ዩዘር ፋይልስ» በሚለው ፎልደር ናቸው፤ ዊንዶውስ ከማስፎርመታችሁ በፊት ወደ ፍላሽ ገልብጡ።

ፍርዳችን፦ ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ጂቲኤ 5ን፣ ስልክ ብቻ ያለው ሳን አንድሪያስን። አሮጌ ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) የሚጠቀም ሰው ግን ሁለቱንም ትቶ ቀጥሎ ያሉትን ይይ።

ለአሮጌ ዴስክቶፕ

አይጂአይ (2000) 14 ሚሽን አለው፤ ሚሽን ውስጥ ሴቭ የሚባል ነገር የለም። አንዳንዱ ሚሽን በደንብ ለሚያውቀው ከአቦል እስከ ቶና ባለው ጊዜ ያልቃል፤ ለማያውቀው ግን አንድ ጥይት ሁሉንም ያስደግመዋል። ሁለተኛው ክፍል (2003) 19 ሚሽን ሲኖረው በየሚሽኑ የተወሰነ ቁጥር ያለው ሴቭ ይፈቅዳል። ከሁለቱ ሁለተኛውን እንመርጣለን። ሴቮቹን መጀመሪያ ላይ አትጨርሱ፤ አንዱን ለመውጫው አስቀሩ።

ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዋንትድ (2005፣ ወደ 18 ሰዓት) ለዚህ ዓይነቱ ማሽን ከሁሉም የሚስማማ ነው። ጌሙ ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ራሱ ይመዘግባል፤ ውድድሩ አጭር ስለሆነ ኪሳራው ጥቂት ደቂቃ ነው። በስም ዝርዝሩ ላይ ያሉት 15 ተቀናቃኞች ዓመቱን ለመከፋፈልም ይመቻሉ። አደጋው የፖሊስ ማሳደድ ላይ ነው፦ ሃያ ደቂቃ ስትሸሹ ቆይታችሁ መብራት ከሄደ የሰበሰባችሁት ነጥብ ሁሉ የለም። ማሳደዱን ለጠዋት ወይም ለቀን ያዙት፤ ማታ ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ሁሉም ምጣድና ምድጃ በሚጥድበት ሰዓት፣ አጭር ውድድር ብቻ ተጫወቱ።

ፕሌይስቴሽን 2 ላላችሁ

ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ (2005) 16 ግዙፍ ፍጡራን አሉት፤ አንዱን በጣላችሁ ቁጥር ሴቭ ያስደርጋል፣ በጠቅላላው ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ጎድ ኦፍ ዋር (2005፣ 9 ሰዓት) የብርሃን ዓምድ ያለበት ቦታ ስትደርሱ ነው የሚያስመዘግበው፤ ርቀታቸው መጥፎ አይደለም። የሚያስቆመው ሐዴስ (የሙታን ዓለም) ውስጥ ያለው ስለታም የሚሽከረከር ምሰሶ መውጣት ነው፤ ከተመታችሁ ወድቃችሁ እንደገና ነው። እዚያ ከመድረሳችሁ በፊት ያለውን ሴቭ አትለፉት። ረዚደንት ኢቭል 4 (16 ሰዓት) በታይፕራይተር ያስመዘግባል፣ በምዕራፍ መጨረሻም ይጠይቃችኋል። ስትሞቱ ቅርብ ካለ ቦታ ቢያስጀምራችሁም ያ መመለሻ ሚሞሪ ካርዱ ላይ የተጻፈ አይደለም፤ ማሽኑ ከጠፋ የሚቀረው የታይፕራይተሩና የምዕራፍ መጨረሻው ሴቭ ብቻ ነው። ጥይት ካለቀባችሁ እግር መትታችሁ ሲንበረከኩ ርገጡ፣ መሬት ላይ ያለውን በቢላዋ ጨርሱ።

ከሦስቱ አንድ ብቻ ከሆነ ረዚደንት ኢቭል 4። አጭር ከተፈለገ ሻዶው። የሚሞሪ ካርዱ 8 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ በፕሌይስቴሽን ቤት ከሚዞር ካርድ ጋር አትቀላቅሉት፤ ሌላ ሰው ቦታ ሲያጣ የሚያጠፋው የእናንተን ነው።

ሆሎው ናይት ወይስ ኤልደን ሪንግ?

ሁለቱም ከባድ፣ ሁለቱም ቀላል ደረጃ የሌላቸው ናቸው። ሆሎው ናይት (2017) 27 ሰዓት ገደማ፣ 4 ጊጋባይት ራምና 9 ጊጋባይት ቦታ፤ ኤልደን ሪንግ (2022) 60 ሰዓት ገደማ፣ 12 ጊጋባይት ራምና 60 ጊጋባይት ቦታ። በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚሄድ መስመር ሆሎው ናይት በሁለት ሰዓት፣ ኤልደን ሪንግ ከ13 ሰዓት በላይ ይወርዳል።

ኪሳራቸው የተለያየ ነው። ሆሎው ናይት ውስጥ ስትመለሱ የምትገኙት መጨረሻ የተቀመጣችሁበት አግዳሚ ወንበር ላይ ነው፤ ካርታውም የሚሳለው እዚያ ስትቀመጡ ነው። አዲስ ቦታ ስትገቡ ስለዚህ መጀመሪያ ወንበር፣ ቀጥሎ ካርታ ሻጩን ፈልጉ። ኤልደን ሪንግ በየቅጽበቱ ራሱ ስለሚመዘግብ ጊዜ አያስከስርም፤ የሚያስፈራው ፋይሉ ነው። በኮምፒውተር ላይ የሁሉም ገጸ ባሕሪያት ምዝገባ በአንድ ፋይል ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ እየተጻፈ ሳለ ኃይል ቢቋረጥና ቢበላሽ አርባ ሰዓት አብሮ ይሄዳል። በሳምንት አንድ ጊዜ መገልበጥ ግዴታ ነው። ጌሙ ደግሞ ለአፍታ ማቆሚያ የለውም፤ እንግዳ ሲመጣ ወይም እናት ሲጠሩ «ቆይ» ማለት አይቻልም። ቤተሰብ ሙሉ ቤት ውስጥ ለሚጫወት ሰው ሆሎው ናይትን እንመክራለን።

የክረምቱ ትልቅ ጌም

ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ስለሌለ የ50 ሰዓት ጌም የሚገባው እዚህ ነው። ምርጫው ብዙውን ጊዜ በሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 (2018) እና በዊቸር 3 (2015) መካከል ይሆናል። ሬድ ዴድ በኮምፒውተር 150 ጊጋባይት ይጠይቃል፤ ከላይ ባልነው መስመር 33 ሰዓት ማውረድ ማለት ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ በሁለት ዲስክ ይመጣል፤ መጀመሪያ የዳታውን ዲስክ ጭናችሁ ከዚያ በሁለተኛው ትጫወታላችሁ፤ ከ100 ጊጋባይት በላይ ባዶ ቦታ አዘጋጁ። ስድስት ምዕራፍና ማጠቃለያ አለው። ሚሽኖቹ ረጃጅም ናቸው፣ ሚሽን መሀልም ሴቭ የለም። ክረምት ላይ፣ ጦሳ ላይ ደመና በከበደ ቁጥር መብራት በሚሄድበት ሰዓት፣ ይህ ከባድ ኪሳራ ነው። ዊቸር 3 ከውጊያና ከትዕይንት ውጭ በፈለጋችሁበት ቦታ ይመዘገባል፤ በኮምፒውተር ኤፍ 5 ነው። ለወሎ ክረምት ዊቸር 3ን ያለ ማመንታት እናስቀድማለን። አንድ ሁኔታ ብቻ፦ እንግሊዝኛው ብዙ ነውና ጽሑፉን ከሥር አብሩት። ብዙ ሰው ኖቪግራድ ከተማ ላይ ይሰለቻል፤ የጎን ሥራዎቹን ትታችሁ ዋናውን ታሪክ ብቻ ከተከተላችሁ ታልፉታላችሁ፣ በጌሙ ውስጥ ያለው የመጫወቻ ካርታ ግጥሚያም ግዴታ አይደለም።

ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ለሚጫወት አንድ ምክር። ማሽኑን ማሳረፊያ ላይ አድርጎ መተው ጌሙን ያቆይልኛል ብላችሁ አትመኑ፤ እረፍት ላይ እያለ ኃይል ከተቋረጠ የቆመው ጌም ይጠፋል። ሴቭ፣ ከጌሙ መውጣት፣ ከዚያ ሙሉ ማጥፋት። ያለ አግባብ ጠፍቶ ሲነሳ ሃርድ ዲስኩን ይፈትሻል፤ አታቋርጡት። ከዚያ በኋላ መንቀርፈፍ ካመጣ የማብሪያ ቁልፉን ሁለተኛው ድምፅ እስኪሰማ፣ ወደ ሰባት ሰከንድ፣ ይዛችሁ በሴፍ ሞድ አስነሱና ቁጥር 5 ላይ ያለውን የዳታቤዝ እድሳት ምረጡ፤ ጌምም ሴቭም አያጠፋም። ተራ ዩፒኤስ ገዝቶ ሁለት ሰዓት ለመጫወት ማሰብም አይሠራም፤ ጥቅሙ ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ መስጠቱ ነው። ነጎድጓድ ሲጀምር ግን ዩፒኤሱንም ቴሌቪዥኑንም ከግድግዳው ንቀሉ። ባቲና ቆቦ ላይ ሙቀቱ፣ ደሴ ላይ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ስስ አየር ማራገቢያውን ያደክማልና ማሽኑን ቁም ሳጥን ውስጥ አትወሽቁት።

ለጳጉሜን

እንግሊዝኛ የማይመቸው ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካለ፣ ቃል የሌላቸውን ሁለቱን አስቡ። ሊምቦ (2010) 150 ሜጋባይት ብቻ ነው፣ 512 ሜጋባይት ራም ይበቃዋል። ኢንሳይድ (2016) 4 ጊጋባይት ራምና 3 ጊጋባይት ቦታ ይፈልጋል። እያንዳንዳቸው ሦስት አራት ሰዓት ናቸው፤ ራሳቸው በየጥቂት ደቂቃው ይመዘግባሉ። ማሽኑ ሁለቱንም የሚችል ከሆነ ሊምቦን አስቀድሙ፤ ኢንሳይድ በሁሉም ነገር የላቀ ስለሆነ ከእሱ በኋላ ሊምቦ ይጠባል። ሁለቱም ለትንንሽ ልጆች ያስፈራሉ፣ ሞቱም ይታያል፤ ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አንሰጥም። ሊምቦ ውስጥ ትልቁ ሸረሪት ጋ የሚቆም ሰው ብዙ ነው፤ ዛፉ ላይ የተንጠለጠለው ወጥመድ እስኪወድቅ ወደፊት ኋላ እያላችሁ ሸረሪቱን አስመቱት፣ ከዚያ ወጥመዱን ጎትታችሁ እግሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አድርጉት።